መዝገቡ በስፒከር የተናዘዘ ዕለት

ሰው አርባ አምስት ዓመት ሲሞላው ከሁለት አንዱ ይመጣበታል፤ ወይ የደም ግፊት ክኒን ይጀምራል፣ ወይ ሞተር ሳይክል ያምረዋል። መዝገቡ ሁለቱንም በአንድ በጋ ጨረሳቸው።

ከዚያ በፊት ስለ እሱ የሚወራ ነገር አልነበረም፤ ይህም ለዳላስ ሐበሻ ከባድ ማዕረግ ነው። ጉለሌ ተወልዶ፣ በጎረምሳነቱ በመተማ በኩል ሱዳን ገብቶ፣ ገዳሪፍ ላይ ጠኔን፣ ካርቱም ላይ የሀብታም ሰሃን ማጠብን ተምሮ ቴክሳስ ሲወርድ አብረውት የወረዱት አንድ የፕላስቲክ ከረጢትና ያየውን ሁሉ ይቅርታ የመጠየቅ አመል ነበሩ። ከረጢቱን ጣለው፤ አመሉ ቀረ። ከወንበር ጋር ቢጋጭ ወንበሩን ይቅርታ ይላል። ገበያ ማዕከል ውስጥ የሌላ ሰው ጋሪ እግሩን ቢረግጠው ቀድሞ "ሶሪ" የሚለው እሱ ነው። ለዓመታት ከኤርፖርት ታክሲ ነዳ፤ ከዚያ ግራንድ ፕሬሪ አንድ መጋዘን ገብቶ በፎርክሊፍት ጀምሮ የሺፍት አለቃ ሆነ። ዋይሊ ላይ ቤት ገዛ፤ ከጎረቤቱ ቤት የሚለየው በቁጥሩ ብቻ የሆነ፣ ሣሩ ከተፈቀደለት ቁመት ካለፈ የሰፈሩ ማኅበር የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የሚልክበት ቤት። ሚስቱ የሺሃረግ በአረጋውያን መጦሪያ ነርስ ናት። ባልና ሚስት አንድ ሕልም ነበራቸው፤ ገንዘብ አጠራቅመው የራሷን ትንሽ የአረጋውያን መጦሪያ መክፈት። ለዚህ ሲሉ ዕረፍት እንኳ ወጥተው አያውቁም።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ስምንት ላይ ባንኮቹ መንገዳገድ ሲጀምሩ መጋዘኑ ሠራተኛ ቀነሰ። ከተቀነሱት አንዱ ሰማያዊ የስፖርት ሞተር ሳይክሉን ለመዝገቡ በርካሽ ሸጠለት። ሰፊው ሕዝብ ከሥራ ሲባረር የሺፍት አለቃው ሞተር ላይ ወጣ፤ ታሪክ እንዲህ ነው የሚሠራው።

"ሳይቸግር ጤፍ ብድር!" አለች የሺሃረግ ጋራዡ በር ላይ ቆማ። "አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ነገር እኮ መቀመጫ የለውም። በደረትህ ተኝተህ ነው የምትሄደው?"

"ለሥራ መሄጃ ነው። ጋዝ ይቆጥባል።"

"ጋዙን ይቆጥባል፣ ነፍሱን ያባክናል። እኔ ጋ ተሰብረው የሚመጡት እኮ ሰማንያ ዓመታቸው ነው፤ አንተ ምን አስቸኮለህ?"

ከሃይዌይ ያወጣው ዳግ የሚባል አሜሪካዊ ነው። ዳግ አዲሰን ውስጥ የጥርስ ሐኪም ወንበር የሚሸጥ፣ ፊቱ ዓመቱን ሙሉ በፀሐይ የቀላ፣ ሳቁ ከሰውነቱ የሚበልጥ ሰው ነው። የሞተር መለዋወጫ መደብር ውስጥ ተገናኙ። "በሃይዌይ ላይ በዚህ ነገር ከነዳህ ትሞታለህ" አለው ዳግ ገና በተዋወቁ በደቂቃው። "ትራክ ዴይ ና። መኪና የለም፣ ፖሊስ የለም፣ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ነው የሚሄደው፣ አምቡላንስ ቆሞ ይጠብቃል።"

ትራክ ዴይ ማለት ውድድር አይደለም። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በከብት ማሰማሪያ መሐል የተነጠፈ ጠመዝማዛ የአስፋልት ቀለበት አለ፤ ገንዘብ የከፈለ ሰው ሞተሩን ይዞ ይሄድና ከጠዋት እስከ ማታ ይዞራል። ሰዓት የሚይዝ የለም፣ ሽልማት የለም፣ አሸናፊ የለም። የሚፈልገው ነገር ቢኖር ፊርማ ነው። ወረቀቱ በሰው ቋንቋ ሲነገር እንዲህ ይላል፦ ብወድቅ ራሴ ነኝ፤ ሌላው ቢጥለኝም ራሴ ነኝ፤ ሌላውን ብጥል እሱም ራሱ ነው፤ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ይህንን አገሬው "የግል ኃላፊነት" ይለዋል፤ እንደ መዝሙር በኩራት ነው የሚያነበንበው። መዝገቡ ሳያነብ ፈረመ። ስደተኛ ካምፕ ያለፈ ሰው ወረቀት ሲሰጡት ይፈርማል እንጂ መቼ ያነባል?

ወደደው። እውነቱን ለመናገር ከልቡ ወደደው። በወር አንድ ቅዳሜ ከዳግ ጎን ፓርክ ያደርጋል፤ ዳግ ጎማ መንፋትና ኩርባ መያዝ ያስተምረዋል፤ ምሳ ሰዓት ላይ የዳግን ሳንድዊችና የየሺሃረግን ዳቦ በአንድ ሳጥን ላይ ዘርግተው ይበላሉ። ሃያ ዓመት አሜሪካ ኖሮ በስሙ የጠራው፣ እሱም በስሙ የጠራው የመጀመሪያው ፈረንጅ ዳግ ነው። "መዝ" ይለዋል።

በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ዳግ ከፊቱ ነበር። ከኩርባው ሲወጡ የዳግ ማርሽ አልገባ አለውና ሞተሩ በባዶው ጮኾ ድንገት ቀዘቀዘ። እንዲህ የገጠመው ሰው ግራ እጁን አንሥቶ ከኋላ ያለውን ያስጠንቅቅ ይላል ደንቡ። ዳግ አላነሣም። ደንቡ ደግሞ የፍጥነት መቁጠሪያውን በፕላስተር ሸፍኑ ይላል። መዝገቡ አልሸፈነም፤ ሰኞ መጋዘን ገብቶ የሚናገረው ቁጥር ያስፈልገው ነበርና። ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን አየ። ቀና ሲል የዳግ የኋላ ጎማ አፍንጫው ሥር ነው።

ፍሬን ለመያዝ እንኳ ጊዜ አልነበረም። ዳግ እንደ ጆንያ ተወረወረ፤ ሞተሩ ከኋላው እየተንከባለለ ሄዶ ከላዩ ላይ አረፈ። መዝገቡ ሣሩ ላይ ተንሸራቶ ሲነሣ አውራ ጣቱ ወለም ከማለቱ በቀር ምንም አልሆነም። ዳግ ግን ታፋውም ዳሌውም ተሰብሮ፣ ድምፁ የሰው ድምፅ መሆኑ ቀርቶ ነበር። ሄሊኮፕተር መጣ።

መዝገቡ የራስ ቁሩን አውልቆ ሁለት እጁን ከፊቱ አጋጥሞ ቆመ። ለካቴናው ማዘጋጀቱ ነበር። ዝግጅቱን የሚመራው ሰውዬ እየሮጠ መጣና ትከሻውን ያዝ አደረገው።

"ደህና ነህ?"

"እኔ ነኝ የመታሁት" አለ መዝገቡ። "ከኋላ ነው የመታሁት። እኔ ነኝ።"

"እሺ። ሞተርህ ይነሣል? ከሰዓት በኋላ ትገባለህ?"

መዝገቡ የሰማውን አላመነም። ሰው ሰብሮ፣ ተመልሰህ ትነዳለህ ወይ ተባለ! ፖሊስ አልመጣም። ስሙን የጻፈ የለም። "አንተ ዓይን የለህም ወይ!" ብሎ የጮኸበት አንድ ሰው እንኳ የለም። ጉለሌ ቢሆን ዶሮ የገጨ ሹፌር ሰፈሩ በሙሉ ይወጣበታል፤ ባለቤቲቱ ታለቅሳለች፣ ጎረምሳው ድንጋይ ያነሣል፣ ሽማግሌው "ተዉት ልጄ ነው" ይላል፤ ያጠፋም ማጥፋቱን ያውቃል። እዚህ ግን የሄሊኮፕተሩ ድምፅ ገና ሳይርቅ ሞተሮቹ አንድ በአንድ ተነሥተው ቀለበቱን መዞር ቀጠሉ። ሁሉም ፈርሟላ! መዝገቡ ሣሩ ላይ ተቀመጠ።

እሑድ ጠዋት ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ ሆስፒታል ሄደ።

አንደኛው አቶ መኳንንት ናቸው፤ የእድሩ ሊቀመንበር። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ላይ በራሪ ወረቀት ሲበትኑ የኖሩ፣ ዛሬም የእድሩን የስብሰባ ጥሪ ሲያድሉ አብዮት የሚያውጁ የሚመስላቸው ሰው። ካፒታሊዝም ይወድቃል ብለው ከሠላሳ ዓመት በላይ ጠበቁ፤ በዚያ መኸር መውደቅ ሲጀምር የገዛ ጡረታቸው ከሥሩ ተኝቶ ተገኘ። ሁለተኛው ሐጂ ሲራጁዲን ናቸው፤ የወሎ ሰው፣ የቅመማ ቅመምና የስልክ ካርድ ነጋዴ። ሁለቱ በማርክስና በአላህ ጉዳይ ለዓመታት ተከራክረው ያልተግባቡ፣ በሽምግልና ላይ ግን እጅና ጓንት ናቸው። ደግሞ ሥራውን ያውቁበታል፤ ያስታረቁት ባልና ሚስት ቁጥር የለውም፣ ግማሹ መታረቅ ያልነበረበት ነው እንጂ።

አቶ መኳንንት ኮታቸውን ቆልፈው የአልጋው እግር ጋ ቆሙ። በእንግሊዝኛ፣ መግለጫ እንደሚያነብ ሰው፣ መዝገቡ ከባድ ጥፋት እንዳጠፋ፣ እንደተጸጸተ፣ ከእግራቸው ሥር ወድቆ ይቅርታ እንደሚለምን ተናገሩ። መዝገቡም ወደቀ። እውነተኛ መውደቅ፤ ግንባሩ የሆስፒታሉን ወለል ነካ።

ዳግ እግሩ በብረት ተወጥሮ፣ ዓይኑ በማደንዘዣ ፈዞ ቁልቁል አየው። "መዝ፣ ምን እያደረግህ ነው? ተነሥ እንጂ። ማንም አላጠፋም። ትራክ ዴይ ነው። ሁላችንም ፈርመናል።"

ሽማግሌዎቹ ጠበቁ። "ይቅር ብያለሁ" የሚለው ቃል መውጣት አለበት። አልወጣም። ዳግ እንቅልፍ ወሰደው።

"እምቢ አለ!" አሉ ሐጂ ኮሪደሩ ላይ፣ ደረታቸውን ይዘው። "ወላሂ እምቢ አለ። ይቅርታ የሚለምን ሰው ፊት 'ጥፋት የለም' ማለት በሩን መዝጋት እኮ ነው!"

"ቂም ይዟል" አሉ አቶ መኳንንት። "ዝም ያለ ቂም ነው ክፉው።"

"እሱ ግን ምንም አይደለም ነው ያለኝ..." አለ መዝገቡ።

"አንተ ልጅ፣ የተሰበረ ሰው ምንም አይደለም ይላል እንዴ?"

ልማዱ ለሐበሻ የታወቀ ነው። በዳይ ጥፋቱን ከሆነው በላይ አብዝቶ ይናገራል፤ ተበዳይ ደግሞ ይህን ሲሰማ ልቡ ይራራና "ኧረ ተው፣ እኔም አለሁበት" ብሎ ይቀንስለታል፤ ሽማግሌ መሐል ላይ ያገናኛቸዋል። እንደ ገበያ ነው፤ አንዱ ሲሰቅል ሌላው ያወርዳል። ይህ ሁሉ ብልሃት የሚሠራው ግን ገበያው ውስጥ ሁለት ሰው ሲኖር ነው።

በኅዳር አንድ ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ሽማግሌዎች ዋይሊ የመዝገቡ ሳሎን ውስጥ ተቀምጠው ቀጣዩን እርምጃ ይመክሩ ነበር። ሐጂ የቆየው ሥርዓት ይሻላል ይላሉ፤ መዝገቡ ትከሻው ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ዳግ ደጅ ይቁም።

"የምን ድንጋይ?" አለች የሺሃረግ ከወጥ ቤት። "እዚህ ሰፈር ያለው ድንጋይ ሁሉ የማኅበሩ ነው። ከቦታው ከነቀነቃችሁት ደብዳቤ ይልኩልናል።"

ስልኩ የጮኸው ይሄኔ ነው። የሴት ድምፅ፣ ማር የተቀባ፣ በእንግሊዝኛ። "ስለ ዳግ ጉዳት ነው የምደውለው። የጤና ኢንሹራንሱን ወክዬ ነው። ጥቂት ጥያቄ ብጠይቅዎት ይፈቅዳሉ?"

መዝገቡ ቀፎውን በእጁ ሸፍኖ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። "ከዳግ በኩል ናት። ወክላ ነው የምትደውለው።"

አቶ መኳንንት ከሶፋው ተነሡ። ፊታቸው በራ። "አላልኳችሁም? ሰው ላከ! ስፒከር አድርገው።"

"ንግግራችን እንደሚቀዳ ልነግርዎት ይገባል" አለች ሴትየዋ።

"ምን አለች?" አሉ ሐጂ።

"ይቀዳል ነው የምትለው።"

"ጎሽ! እርቅ ምስክር ያሻዋል።"

"ዬስ፣ ኦኬ" አለ መዝገቡ።

"አደጋው እንዴት እንደደረሰ በራስዎ አነጋገር ይንገሩኝ።"

"ጥፋቱ የኔ ነው" አለ መዝገቡ። ከወር በላይ ሰሚ ያጣ ቃል ነበርና ሲወጣ ዕንባ ተከትሎት መጣ። በመጨረሻ አንድ የሚጠይቀው ሰው ተገኘ!

"ዳግስ? እሱ ያደረገው ወይም ያላደረገው ነገር ነበር?"

የማምለጫው በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። መዝገቡ ዳግ እጁን አለማንሣቱን ሊናገር አፉን ከፈተ። የአቶ መኳንንት ጣት ጉልበቱ ላይ አረፈ፤ "በተኛ ሰው ላይ ጥፋት ልታወጣ? ነውር ነው! ሁሉንም ውሰድ፤ እነሱ ይቀንሱልሃል።"

"እሱ ምንም አላደረገም" አለ መዝገቡ። "ሁሉም የኔ ነው።"

"ከፊትዎ መሆኑን አይተው ነበር?"

"አየሁት በል" አሉ አቶ መኳንንት በሹክሹክታ። "አላየሁም ያላለ በዳይ የት አለ?"

"አየሁት።"

"አይተውት ፍጥነት አልቀነሱም?"

"አልቀነስኩም።"

"ለምን?"

ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ አልነበረም፤ ያልሆነ ነገር ምክንያት ከየት ይመጣል? "ሰይጣን አሳሳተኝ በል" አሉ ሐጂ። "ሰይጣን ተወው!" አሉ አቶ መኳንንት፤ በተጨባጭ ምክንያት የሚያምኑ ሰው ናቸው። "ቅናት በል። ቅናት ሰውኛ ነው፣ ያራራል።"

"ቀናሁበት" አለ መዝገቡ እየተንሰቀሰቀ። "ሁልጊዜ ይቀድመኛል። ቀናሁበት። እኔ መጥፎ ሰው ነኝ።"

ከስልኩ ውስጥ የኮምፒውተር መጻፊያ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ሦስቱም ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው "ኧረ አይባልም፣ እሱም አለበት" የሚለውን ቃል ጠበቁ።

"ስለ ግልጽነትዎ እናመሰግናለን" አለች ሴትየዋ። "መልካም ቀን።" ዘጋችው።

ሐጂ ስልኩን ትኩር ብለው አዩት። "አልቀነሰችለትም እኮ።"

"ሄዳ ትነግረዋለች" አሉ አቶ መኳንንት። "የሚቀንሰው ባለቤቱ ነው።"

የሺሃረግ ወጥ ቤት በር ላይ ማንኪያ ይዛ ቆማ ነበር። "ቀናሁበት?" አለች። "አንተ ሰውዬ፣ በማን?"

ከገና በፊት ወፍራም ፖስታ መጣ። የመዝገቡ እህት ልጅ ሊድያ ዳላስ ከተማ አንድ የጠበቃ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች፤ ዳላስ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛዋ እንደ ክራር ክር ሁለት ሦስቱ የተበጠሰ ነው። ወረቀቱን ቆማ አነበበች። ከዚያ ተቀመጠች። ከዚያ እንደገና አነበበች።

"አንክል፣ ሲሪየስሊ፣ ይሄን አንተ አልክ? አየሁት፣ አልቀነስኩም፣ ቀናሁበት?"

"ይቅርታ ስጠይቅ ነው።"

"ማንን?"

"ከዳግ የተላከችውን ሽማግሌ።"

"ሽማግሌ አይደለችም! ኢንሹራንስ ናት! ዳግ አልላካትም፣ እሱ ምንም አያውቅም። የነሱ ጆብ እኮ ለሆስፒታል የከፈሉትን ከሌላ ሰው መልሰው መውሰድ ነው። ሌላ ሰው ፈለጉ። አንተ 'እኔ አለሁ' አልክ።"

"ፈርመናል እኮ። ማንም ማንንም አይጠይቅም ተብሎ..."

"ማለቴ፣ ያ ወረቀት ፕሮቴክት የሚያደርግህ አክሲደንት ከሆነ ነው። አንተ ኦን ፐርፐስ ነው አልክ። ሆን ብሎ ሰው የሰበረ ሰው ወረቀቱ አይሠራለትም ነው የሚሉት። የሞተርህ ኢንሹራንስ ትራክ ላይ ከቨር አያደርግም። የቤትህ ኢንሹራንስም ሆን ብለህ ላደረግከው አይከፍልም። ቤቱን አይነኩትም፣ የቴክሳስ ሕግ መኖሪያ ቤት አያስወስድም፤ ባንክ ያለውን ግን..." ቀና ብላ የሺሃረግን አየች።

የሺሃረግ አልጮኸችም። አለመጮኋ ነው መዝገቡን ያስደነገጠው። ወንበር ስባ ተቀመጠችና እጇን እያየች "መጦሪያው ሄደ ማለት ነው" አለች፤ እንደ ሰው ሞት።

"ዳግ አክሲደንት ነበር ካለ ይቀየራል፣ ሜይቢ" አለች ሊድያ። "አሁን ግን አንክል፣ ከሳሽህም ምስክርህም አንተው ነህ።"

መዝገቡ ለዳግ ደወለ፤ አልተነሣም። ደገመ። ከዚያ በስልኩ ጽሑፍ መጣለት፦ "የተናገርከውን አነበቡልኝ። አይተኸኝ ነበር? ሳንድዊች እያካፈልኩህ ትቀናብኝ ነበር? እባክህ አትደውልልኝ።"

መዝገቡ ጋራዡ ውስጥ ጽሑፉን አንብቦ አንብቦ በመጨረሻ ፊደሎቹ ትርጉም አጡበት። ይቅር ያለው ሰው ነበር። "ማንም አላጠፋም" ያለው ቀን፣ እግሩ በብረት ተወጥሮ ተኝቶ፣ ይቅር ብሎት ነበር። በሽምግልና ብዛት ነው ያስከፋው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሏል፤ የመዝገቡ ደግሞ በቴፕ ተቀድቶ ነው አፋፉን የወረደው።

የሺሃረግ "ብቻህን ሂድ" ብላው ነበር። ግን ያለ ሽማግሌ የበደሉት ሰው ቤት መሄድ እንዴት ይሆናል? ሁለቱንም ጭኖ አዲሰን ሄደ። ዳግ የሚኖረው ምድር ቤት ባለች አፓርትማ ውስጥ ነው፤ በሩን በመደገፊያ ብረት እየተራመደ፣ እያቃሰተ ራሱ ከፈተው። ከስቷል። "አትደውልልኝ ያልኩህ መስሎኝ ነበር" አለ። ቢሆንም ከበሩ ዞር አለላቸው።

አቶ መኳንንት ጉሮሯቸውን ጠርገው የአገሩን ልማድ አስረዱ፤ በዳይ ያበዛል፣ ተበዳይ ይቀንሳል፣ ሽማግሌ ያማክላል። ከታሪካዊ አመጣጡ ጀምረው ነው። ዳግ እስኪጨርሱ ጠበቀ።

"ስለዚህ ዋሽቷል ማለት ነው።"

"በፍጹም! ይቅርታ ጠየቀ።"

"አይቼው አልቀነስኩም ብሏል። አይቶኝ ነበር?"

"አላየህም።"

"እንግዲያው ዋሽቷል።"

"አልዋሸም ስልህ!"

"ሐጂ፣ ምን ነክቶታል ይሄ ሰው?" አሉ አቶ መኳንንት በአማርኛ። "ዲያሌክቲክስ አይገባውም" አሉ ሐጂ፤ ቃሉን ከእሳቸው የሰሙት ነው።

ዳግ ሁለቱንም ትቶ ወደ መዝገቡ ዞረ። "መዝ፣ ሌሊት ሌሊት ጎኔ ሲጠዘጥዘኝ የማስበው ይሄን ነው። አጠገቤ ተቀምጦ ይበላ የነበረው ማን ነው? ይቅርታህን አልፈልገውም። ይቅርታ ሰልችቶኛል። የሆነውን ብቻ ንገረኝ። ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ።"

መዝገቡ ላብ አጠመቀው። "ቁጥሩን እያየሁ ነበር" አለ። "የፍጥነት መቁጠሪያውን። አልሸፈንኩትም። ለሥራ ጓደኞቼ ልነግራቸው ፈልጌ ነው። ቀና ስል ፊቴ ነበርክ። አላየሁህም። አልቀናሁብህም። ወድጄህ ነበር።"

"እሺ። ሌላስ?"

ሌላ አለ። ሁለቱም ሽማግሌዎች አዩት። ተበዳይ ፊት ቆሞ፣ ያውም በብረት ተደግፎ በሚቆም ሰው ፊት፣ "አንተም" ማለት እናት የማታስተምረው፣ ባለጌ እንኳ የማይደፍረው ነገር ነው። ግን ያንን ከቀነሰ፣ ድንገት ከፊቱ የቆመ ሞተር ከየት መጣ ሊባል ነው? ግማሽ እውነት ይዞ ቢወጣ፣ ዳግ ዕድሜውን በሙሉ ሲጠረጥረው ሊኖር ነው።

"አንተም እጅህን አላነሣህም" አለ። "ማርሽህ ሲወጣ ቀዘቀዝክ፣ እጅህን አላነሣህም።"

"አስተግፊሩላህ!" አሉ ሐጂ።

አቶ መኳንንት ከወንበራቸው ተፈናጥረው ተነሡ። "በተሰበረ ሰው ላይ? ቤቱ ድረስ መጥተህ? በኛ ፊት?" ኮታቸውን ቆለፉ። "እኔ ለዚህ አልመጣሁም። ሐጂ፣ ተነሣ!" የመኪናውን ቁልፍ ከጠረጴዛው ላይ አንሥተው ወጡ፤ ሐጂ ራሳቸውን እየነቀነቁ ተከተሏቸው። በሩ ተላተመ።

ዳግ ቀስ ብሎ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ፊቱን በመዳፉ አሻሸ። "አላነሣሁም" አለ። "ማርሹን ለማስገባት ስታገል ረሳሁት። አንድም ሰው አልጠየቀኝም። ማንም አላጠፋም ስል እኮ፣ መዝ... እኔም አለሁበት ማለት ስለከበደኝ ነው። አንተ ሆን ብዬ ነው ስትል ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ግማሽ ልቤ ደስ አለው።"

ስልኩን አንሥቶ እዚያው ኢንሹራንሱ ጋ ደወለ። እንደሚቀዳ ሲነግሩት "ይቀዳ" አለ። የመዝገቡ ጓደኛ ስለ እጁ፣ ስለ ማርሹ፣ አደጋ ስለመሆኑ ሲናገር መዝገቡ መጋረጃውን ይዞ ቆሞ ሰማ። ኢንሹራንሱ ያመነው እንደሆነ ገና አልታወቀም፤ እንዲህ ያለ መሥሪያ ቤት ጥፋትን ሲቀበል እንደ ጥይት ነው፣ ሲመልስ እንደ ኤሊ። ዳግ ስልኩን ዘግቶ እጁን ዘረጋለት። መዝገቡ ያዘው፤ ሳይወድቅ፣ እንደቆመ።

ሽማግሌዎቹ ዕድሜ ልካቸውን ሲያስነግሩት የኖሩትን "እኔም አለሁበት" የሚል ቃል አንድ ፈረንጅ በገዛ አፉ ተናገረው፤ ያን ጊዜ እነሱ ፓርኪንግ ላይ ነበሩ።

መዝገቡ እየሮጠ ወጣ። ሁለቱ የገዛ መኪናው ውስጥ ከኋላ ተቀምጠው በሩን ቆልፈውታል። መስኮቱን አንኳኳ። "ጋሼ መኳንንት! አመነ እኮ! እኔም አለሁበት አለ! ደወለላቸው!"

ሐጂ ወደ ማዶ አፓርትማ ፊታቸውን አዞሩ። አቶ መኳንንት መስታወቱን በጣት ስፋት ዝቅ አደረጉ።

"ጨረስክ?" አሉት። "ወይስ ሌላ ያልወቀስከው በሽተኛ ቀርቶሃል?"